ቅጠሉን አታቃጥሉብን፤ ጨፌውንም ባዶ መሬት አትበሉት

ግልጽ ደብዳቤ፦ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ግቢ ለምታስተዳድሩ፣ ችግኝ ለምታፈሉና ለምታስተክሉ፣ መሬት ለምትደለድሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ላረጋጋችሁ። ይህ ክስ አይደለም። የማንንም ስም አልጠራም። ነገሩን ያየሁበትን ግቢ ስም ብጽፍ ችግሩ የዚያ ግቢ ብቻ ይመስላል፤ እናንተም «እሱ እነሱን ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። በከተማችን ውስጥ ግን ዛፍ ያለበትና መጥረጊያ ያለበት ግቢ ሁሉ ይህን ነገር ያደርጋል።

ባለፈው ጥር ነው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት። ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላሳጥር ብዬ በአንድ ሰፊ ግቢ በኩል አቋረጥኩ። ግቢው ውስጥ ሰሳ የሚባሉ ያረጁ ዛፎች አሉ፤ ግንዳቸውን ለብቻዬ ባቅፍ እጄና እጄ አይገናኝም። ከሥራቸው ጭስ ይወጣል። አንዲት እናት ቅጠሉን እየጠረጉ፣ እየከመሩ፣ እሳቱ ላይ ይጨምራሉ።

«እንደምን አደሩ እትዬ? ምነው ቅጠሉን?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ግቢው ይጽዳ ተባልኩ» አሉኝ። ዓይናቸው በጭሱ ያለቅሳል። እውነታቸውን ነው፤ ሰው የታዘዘውን ይሠራል።

ሐሙስ ዕለት በዚያው በኩል ተመለስኩ። ከዚያው ሰሳ ሥር፣ አመዱ ገና ሳይነሳ፣ ሁለት ወጣቶች ከማዳበሪያ ከረጢት ነጭ ፍሬ እየዘገኑ ሣሩ ላይ ይበትናሉ። ዩሪያ ነው። አንዱን «ለምንድነው?» ብዬ ስጠይቀው «ሣሩ ቢጫ ሆኖ አስቸገረን» አለኝ።

ቆሜ ሳቅሁ። ልጁ በእሱ የምስቅ መስሎት ተቆጣ፤ ይቅርታ ጠይቄው ሄድኩ። በነጋታው ግን ሳቁ ጠፍቶ ብስጭቱ ቀረ። ማክሰኞ በእሳት የላክነውን ነገር ሐሙስ በገንዘብ ገዝተን እየመለስን ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ። የአማቴ ጓሮ ውስጥ ጥቂት እግር ቡና አለ፣ አንዲት ላምም አለች፤ ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አላወራም። ከላሟ ጋር ያለኝ ግንኙነት በአብዛኛው እሷ እየመራች እኔ እየተከተልኩ መሆኑን ግን አልደብቅም።

እስቲ ያ የተቃጠለ ክምር ምን ነበር?

ዛፍ ቅጠሉን ዝም ብሎ አይጥልም። ቤት እንደሚለቅ ተከራይ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ዋጋ ያለውን ዕቃ ይሸክፋል። ቅጠል ቢጫ ሲሆን የምናየው ያንን ሽከፋ ነው። አረንጓዴው ይፈርስና ቅጠሉ ውስጥ ካለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግማሽ ያህሉ ወደ ቅርንጫፉ ይመለሳል። የቀረው አብሮ ይወድቃል። ሰሳ ደግሞ በዚህ ቁጠባ ላይ እምብዛም ነው። ለምን ይቆጥብ? ሥሩ ላይ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙለት ባክቴሪያዎች አሉት። ሀብታም ተከራይ ነው፤ ግማሽ ዕቃውን ትቶ ይወጣል።

ካልሲየም የሚባለው ነገር ደግሞ ጨርሶ አይሸከፍም። ዛፉ አንዴ ቅጠሉ ውስጥ ካስቀመጠው መልሶ ሊያወጣው አይችልም፤ እንዳለ መሬት ላይ ይወርዳል። ለኛ ለጅማ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዝናባችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ቀዩን አፈራችንን ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። የሚቀረው አፈር ኮምጣጣ ነው። አፈር ሲኮመጥጥ ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይታሰራል፤ ሥር አጠገቡ ቆሞ አያገኘውም። ለዚህ ነው ገበሬው ኖራ ጨምር የሚባለው። ኖራ ማለት በዋናነት ካልሲየም ነው። ያ አሮጌ ሰሳ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ፣ ዝናብ የወሰደውን ካልሲየም ከታች ቀድቶ፣ በቅጠል አድርጎ በየዓመቱ ላይ ያደርሰዋል። ያለ ነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ በሉት።

እሳቱ ሲመጣ ናይትሮጅኑ አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የእትዬን ዓይን ያስለቀሰው ጭስ ውስጥ የሣሩ ምግብ አለበት። ካልሲየሙ፣ ፖታሺየሙና ፎስፈረሱ በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመድ ግን መሬት ላይ አይረጋም። ነፋስ ያነሳዋል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠራርጎ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ሐሙስ የተበተነው ዩሪያስ? ከ100 ኪሎው 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፤ ኃይለኛ ነገር ነው። በመርከብ መጥቶ፣ ከጅቡቲ በጭነት መኪና ተጓጉዞ ነው እኛ ጋ የደረሰው። ሳይቀበር በጥር ፀሐይ ላይ ከተበተነ ግን ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ አየር መገብን ማለት ነው።

«ኅዳር ሲታጠንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከኅዳር 12 ጋር ጠብ የለኝም። ያ ጭስ የኅዳር በሽታን የምናስታውስበት ነው፤ በ1911 ዓ.ም. የሆነውን አያቶቻችን እያለቀሱ ነው ያወሩት። አንድ ቀን ይጨስ። እኔ የምለው ስለቀሩት ቀናት ነው።

አሁን ደግሞ ቅጠል ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ለተማሪዎቼ በቃል ነግሬ ነግሬ ሰለቸኝና አንድ ዓመት በሽንኩርት ከረጢት አሳየኋቸው። ያንን ቀዩን፣ መረብ የመሰለውን ከረጢት ታውቁታላችሁ። በአንዱ የብሳና ቅጠል፣ በአንዱ የሰሳ፣ በአንዱ የዋንዛ፣ በአንዱ የባህር ዛፍ፣ በአንዱ ደግሞ አራቱንም ቀላቅለን አስገባን። አፉን በሲባጎ ቋጥረን፣ ሰኔ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ርጋፊው ውስጥ ሸጎጥናቸው። ክረምቱ አለፈ። ትምህርት ሲከፈት ሄደን አወጣናቸው።

የብሳናው ከረጢት ባዶ መሰለን። ስንፈታው የቅጠሉ ጅማት ብቻ ቀርቷል፤ እንደ ጥልፍ፣ ብርሃን ያሳልፋል። ዋንዛው ተቦዳድሶ ተቀዳዷል። የባህር ዛፉ ግን ትንሽ ከመጥቆሩ በቀር እንደገባ ወጣ፤ አንዷ ተማሪ አሽታው «ቲቸር፣ አሁንም የጉንፋን መድኃኒት ይሸታል» አለች። ትክክል ነች። ያ ዘይትና በውስጡ ያለው መራራ ነገር ትልንም ሻጋታንም ያባርራል። የተቀላቀለው ከረጢት ውስጥ ነጫጭ የሻጋታ ክሮች ከብሳናው ተነስተው ባህር ዛፉን ወረውታል። ብቻውን ከገባው የባህር ዛፍ ይልቅ ይኸኛው ለስልሶ ነበር። አንድ የትምህርት ቤት ከረጢት ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ። ክሩን ግን በዓይናችን አየነው። የጠገበው ለራበው ሲያቀብል ማለት ነው።

በሶና ቆሎ አስቡ። በሶ ወዲያው ያጠግባል፣ ወዲያው ያልቃል። ቆሎ እያኘክ ትቆያለህ። ብሳና በሶ ነው፤ ቅጠሉ በወራት ውስጥ ፈርሶ ለአፈሩ ይደርሳል። ጠንካራ ቅጠል ያለው ዛፍ ቆሎ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ዓመት ተሻግሮ ይለቃል፣ እስከዚያ ድረስ መሬቱን ከጠብታ ይሸፍናል። ጫካ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ስለዚህ አፈሩ አንድ ቀን ጠግቦ አንድ ወር አይራብም። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በተተከለበት ቦታ ግን ወይ በሶ ብቻ ነው ወይ ቆሎ ብቻ።

ይህን ለመማር የኔ ከረጢት አያስፈልግም ነበር። ቡና ያለውን ሰው ጠይቁ። አማቴ ጓሮ ቡናው በምን ጥላ ሥር ነው? ሰሳ፣ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ዳር ላይ ብሳና። ጎረቤቶቻችን ሙካ አርባ፣ ዋዴሳ፣ መካኒሳ ይሏቸዋል። (አዲስ አበባ መካኒሳ የምትኖሩ ዘመዶቻችን ሰፈራችሁ በብሳና ስም እንደሚጠራ ይታወቅላችሁ።) ሰሳና ብርብራ የባቄላ ዘመድ ናቸው፤ ናይትሮጅን ከአየር ያመጣሉ። ሰሳ ላዩ እንደ ዣንጥላ የተዘረጋ፣ ቅጠሉም ደቃቅ ነው፤ ብርሃኑን አጣርቶ ያወርዳል እንጂ አይዘጋም። አማቴ ስለ ናይትሮጅን አንድ ቃል ሰምተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ግን ከቡናው ሥር ያለውን ቅጠል «ላጽዳልዎት» ብዬ መጥረጊያ ሳነሳ «ተው! ልብሱን ልትገፈው ነው?» ብለው ተቆጡኝ። የቡና ጅማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ይህን የሚያውቅ ገበሬ ከብቦት፣ ግቢውን እንደ ሲሚንቶ ወለል የሚጠርግ መሥሪያ ቤት ይገርመኛል።

ወደ ሣሩ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ከዛፉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ሣሩ ነው። ዛፍ ወዳጅ አለው፤ ለዛፍ ዘመቻ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ለሣር ማን ዘምቶ ያውቃል?

ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ፣ ከከተማው ብዙም ሳትርቁ ቦዬ አለ። ሜዳው፣ ረግረጉ፣ ቄጤማው። ለኛ ጨፌ ነው። በየዓመቱ ተማሪዎች ይዤ እወርዳለሁ። የምንይዘው አንድ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ አራት ቦታ ተቋጥሯል። በቋጠሮው ላይ ችካል ስንተክል አንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ተንበርክከን እንቆጥራለን። ሰርዶ። ማገጥ። ሙጃ። ስሙን የማናውቀው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንድ ቄጤማ። ስሙን የማናውቀው ሌላ ቄጤማ። ከሩቅ «ሣር» ብለን የምንጠራው አንድ ነገር ከቅርብ ሲያዩት ሰፈር ነው። ባለፈው ዓመት አሥራ አምስተኛው ላይ ስንደርስ ሁለት ልጆች «ይሄ ቅድም ተቆጥሯል»፣ «አልተቆጠረም» ተባብለው ተጣሉብኝ።

ማገጥም እንደ ሰሳ የባቄላ ዘመድ ነው። አንዱን በጥንቃቄ ነቀልነው። አፈሩን ውኃ ውስጥ ስናራግፈው ሥሩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ወጡ። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ሮዝ ነው፣ ሊቀላ ምንም አልቀረው። «ቲቸር፣ ሣር ደም አለው እንዴ?» አለ አንዱ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። እባጩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ኦክስጅን ሲያንስ ነው፤ ኦክስጅኑን የሚቆጣጠርላቸው ቀይ ነገር ደግሞ በኛ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ ነው። እባጩ ሮዝ ከሆነ ፋብሪካው እየሠራ ነው። ያለ ጭስ ማውጫ፣ ያለ መርከብ፣ ዩሪያ የሚሠራ ፋብሪካ በሰናፍጭ ፍሬ መጠን።

ማገጡ ያመጣል፣ ከአጠገቡ ያለው ሰርዶ ይጠቀማል። የማገጡ ሥር ሲሞትና ሲበሰብስ፣ ላሟ በልታው ስትጥለው፣ ናይትሮጅኑ ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል። አንዱ ሣር ሥሩ ላይ ላዩን ነው፣ ሌላው ጠልቆ ይቆፍራል። አንዱ በበልግ ይቀድማል፣ ሌላው ክረምቱ ሲወጣ ይነቃል። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ የተለቀቀ ምግብ ተቀባይ አያጣም፤ ታጥቦ ወንዝ ከመግባቱ በፊት የሆነ ሥር ይይዘዋል።

ይህ የኔ የመምህር ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ አንድ የሣር ሜዳ ከፋፍለው ለአንዱ ማዳበሪያ እየጨመሩ፣ ለአንዱ እየተዉ መከታተል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ከዓድዋ 40 ዓመት በፊት ማለት ነው፤ እስካሁን አላቆሙም። ምንም ያልተጨመረበት መደብ ላይ 40 ገደማ ዓይነት ዕፅዋት አሉ። የአሞኒያ ማዳበሪያ ያለ ኖራ ዓመት ዓመት የተጨመረበት ላይ የቀሩት ሁለት ሦስት ናቸው። አፈሩ ኮመጠጠ፣ ትሉ ሸሸ። የሞተው ሣር መበስበስ አቅቶት መሬቱ ላይ እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። ዑደቱ ቆመ ማለት ይህ ነው፤ ምግቡ እዚያው አለ፣ የሚፈጨው ግን የለም። የኛ አፈር ሳንነካው ኮምጣጣ መሆኑን እያስታወሳችሁ አንብቡት።

ሌላው ሙከራ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሴዳር ክሪክ በሚባል ቦታ ነው። ዴቪድ ቲልማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ዘጠኝ በዘጠኝ ሜትር የሆኑ 168 መደቦች አዘጋጁ። አንዳንዱ ላይ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ዘሩ፤ ሌላው ላይ 2፣ 4፣ 8፣ እስከ 16። ማዳበሪያ የለም። ብዙ ዓይነት የተዘራበት በአማካይ የበለጠ ሰጠ። ዓመታት በሄዱ ቁጥር ልዩነቱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። በተለይ የማገጥ ዓይነቱና ሣሩ አንድ ላይ ሲሆኑ የአፈሩም ሀብት ጨመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ እዚያው አካባቢ ድርቅ መትቶ ነበር። ያኔም ብዙ ዓይነት የነበረበት ሜዳ ያነሰ ጎድሎበታል፣ ቶሎም አገግሟል።

በዚህ ጉዳይ ሳይንቲስቶች ተከራክረዋል፤ አልዋሻችሁም። ብዙ ዓይነት ሲዘራ ከመካከሉ አንድ ጎበዝ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ብልጫው የዚያ ጎበዝ ብቻ ቢሆንስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ የተመረጠ የመኖ ሣር በአንድ ጥሩ ዓመት ድብልቁን ሊበልጥ ይችላል። ላም የሚያደልብ ሰው ለብቻው አጥሮ ቢዘራው አልቃወምም። እኔ የምናገረው ግን ማንም ማዳበሪያ ስለማይገዛለት፣ ማንም ውኃ ስለማያጠጣው፣ ድርቁንም ጎርፉንም ለብቻው ስለሚችል ሜዳ ነው።

ቦዬ እንዲያ ዓይነት ነው። ያውም ሥራ በዝቶበታል። አወይቱ ወንዝ ከተማችንን አቋርጦ ሲወርድ ምን ይዞ እንደሚወርድ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። የሽንት ቤቱ፣ የልብሱ፣ የገበያው፣ የታጠበው የማዳበሪያ ትራፊ። ውኃው ጨፌው ውስጥ ሲገባ ይሰክናል። ደለሉ ይቀመጣል። ቄጤማው ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ይጠጣዋል። ውኃ የተኛበት፣ አየር ያጣው አፈር ውስጥ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ፤ የማገጡን ሥራ ገልብጠው ይሠራሉ። ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይመልሱታል። ከዚህ ያለፈው ነው ወደ ግልገል ግቤ የሚሄደው። ግልገል ግቤ ቁጥር አንድ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ ማለት ነው። የግድቡ ሰዎች ደለል ሲያስጨንቃቸው፣ አንዱ ማጣሪያቸው እኛ «ባዶ» የምንለው ሜዳ ነው።

ነገሩ ቤታችን ድረስ ይመጣል። ያንን ቄጤማ አጭደው ሐሙስ ገበያ ያመጡታል። እኛ ገዝተን ቡና ስናፈላ እንጎዘጉዘዋለን። ከከተማው የወጣው ቄጤማ ሆኖ ተመለሰ፤ ረከቦቱ ሥር ተዘረጋ። የቦዬ ጉማሬዎችም ድርሻ አላቸው። ጉማሬ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ያግጥና ጠዋት ውኃ ውስጥ ገብቶ እዳሪውን ይጥላል። የሜዳውን ሀብት ወደ ውኃው የሚያመላልስ ባለ አራት እግር ቦቴ ነው። በርግጥ ሌሊት መንገድ ላይ ከገጠማችሁ ስለ ንጥረ ነገር ዑደት ቆማችሁ አታስቡ።

ታዲያ ይህ ሜዳ በስብሰባ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሰምቻለሁ። «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት።» አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ጥቅም ላይ ያልዋለ ከተባለ በኋላ የሚመጣው ይታወቃል። አንዱ ለጡብ አፈሩን ይቆርሳል። አንዱ ጥግ ጥጉን ባህር ዛፍ ይደረድራል። አንዱ ቦይ ቀድዶ ያደርቃል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ለዛፍ ተከላ የሚሆን ቦታ ሲፈለግ ዓይን እዚያው ያርፋል፤ ዛፍ የለበትማ!

ዛፍ ያልነበረበት ሣር ላይ ዛፍ መትከል ልማት አይደለም። ረግረግ ውስጥ ባህር ዛፍ ሲገባ ውኃውን ይጠጣል፣ ጥላው ቄጤማውን ያቀጭጨዋል፣ ቅጠሉ ደግሞ በሽንኩርት ከረጢቱ እንዳየነው ነው። ባህር ዛፍን አልጠላም። ቤቴ የቆመው በሱ ነው፤ ሚጣዱም የሚነደው በሱ ነው። ቦታው ግን ዳገቱ ላይ፣ ከምንጭና ከጨፌ የራቀ መሬት ላይ ነው።

በአረንጓዴ አሻራ እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ተክያለሁ፤ ዘንድሮም እተክላለሁ። የምለምነው ችግኝ ጣቢያው ላይ ነው። ሄጄ ሳይ የሚበዛው ግራቪሊያና ባህር ዛፍ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዘሩ ይገኛል፣ ቶሎ ይበቅላል፣ ቁጥር ይሞላል። ግን ለየመደቡ ጥቂት ብሳና፣ ጥቂት ብርብራ፣ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ጥቁር እንጨት ቢጨመር ምን ይለናል? የብርብራ ዘር ከየሰው ጓሮ በነጻ ይለቀማል። ልጆቻችን በአንድ ቅዳሜ ከረጢት ሙሉ ያመጣሉ። ስትተክሉም አንዱን ዓይነት እንደ ወታደር በሰልፍ ከምታቆሙት ቀላቅሉት። አጠገባችን መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ መድኅን ያገኘው ከየት ነው? በየጫካውና በየጓሮው ተበታትኖ ከነበረው ልዩ ልዩ ቡና መካከል ነው። ቡናው ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የሚመረጥ አይኖርም ነበር።

ግቢ ለምታስተዳድሩ ደግሞ ልመናዬ ቀላል ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እንዲያውም የዩሪያውን ያተርፋል። መንገዱንና በሩን ጥረጉ። ቦዩን ጥረጉ፣ ውኃ እንዳይዘጋ። የተጠረገውን ግን ከዛፉ ሥር መልሱት፤ ግንዱን ሳይነካ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይጎዝጎዝ። ለእንግዳ የምንጎዘጉዘውን ለዛፍ ብንነፍገው ይሉኝታም አይደል። ከበዛ ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከሻይ ቤቱ ልጣጭና ከቡና አተላ ጋር ቀላቅሉት። እትዬም ከጭሱ ይገላገላሉ። ሣሩንም ሁሉንም በአንድ ቀን አትላጩት፤ አንዱን ክፍል አበባ አውጥቶ ዘሩን እስኪጥል ተዉት፣ ከዚያ እሱን አጭዳችሁ ሌላውን ተዉ። ማገጥ ብቅ ሲል «አረም» ብላችሁ አትንቀሉት።

«ስለዚህ የበቀለው ሁሉ ይብቀል እያልክ ነው?» ለሚለኝ፦ አይደለም። ፓርቴኒየም የሚባለውን አረም ካያችሁ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ንቀሉ። የወፍ ቆሎም አጥር ዘልሎ ግጦሹን ከወረረ ማሩኝ አይባልም። እነዚህ መጥተው ሌላውን የሚያስወጡ ናቸው፤ ዓይነት አይጨምሩም፣ ይቀንሳሉ።

መሬት የምትደለድሉት፦ በየፋይሉ ላይ «ባዶ» የሚለውን ቃል ስትጽፉ አንድ ጊዜ ቆም በሉና ወርዳችሁ እዩት። ቦዬ ላይ ላሞቻቸውን የሚያሰማሩ አንድ አባት አሉ። ልጆቼ ገመዱን ሲዘረጉ ሁልጊዜ መጥተው ዱላቸውን ተደግፈው ያዩናል። አንድ ቀን «ምን እየቆጠራችሁ ነው?» አሉን። «ሣር» አልናቸው። ሳቁና «ላሚቱን ብትጠይቋት በቀለለ ነበር፤ እሷ አንዱን ነክሳ ወደ ሌላው ነው የምትሄደው» አሉን። ከዚያ ግን ተንበርክከው ስማቸውን ያጣንላቸውን ሦስት ሣሮች በኦሮምኛ ነገሩን። ደብተራችን ላይ ጻፍናቸው። መሬቱ ሲደለደል እኝህን ሰው ማንም እንደማይጠይቃቸው ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ሣሩ ዘር ሳይጥል፣ ተማሪዎቼን ይዤ እንደገና እወርዳለሁ። ከእናንተ መካከል ፋይሉን የሚይዝ አንድ ሰው፣ ችግኝ የሚያፈላ አንድ ሰው፣ ግቢ የሚያስጠርግ አንድ ሰው አብሮን ቢወርድ ደስ ይለናል። ቦት ጫማ ያስፈልጋል፤ የቆዳ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ኋላ እኔን እንዳይወቅስ። ገመዱ ከቤተ ሙከራው በር ጀርባ ተሰቅሏል። ችካሎቹን ልጆቹ ይይዛሉ። ቡናውን አማቴ ያፈላሉ፣ ቄጤማውን ከዚያው ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
ጅማ የሚኖር አንድ የባዮሎጂ መምህር